ማን ማንን ይጠይቅ?

አማርኛችን ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይጠራል። ያላወቁትን ለማወቅ አፍ መክፈትም «መጠየቅ» ነው፤ እግር አንሥቶ ዘመድ ዘንድ መሄድም «መጠየቅ» ነው። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ አራስ ትጠየቃለች። የቃል ድህነት ይመስላል እንጂ አይደለም። ወሎ ውስጥ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ከአቦል እስከ በረካ «እንዴት ናችሁ?» ሲል ይቆያል፤ ባለቤቶቹም «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ሲሉ ይቆያሉ። በዚያ መሐል ግን የእንግዳው ዓይን ሥራ አይፈታም። ጎተራው ሞልቷል ወይ? ላሟ ትታለባለች ወይ? ልጆቹ ከስተዋል ወይ? አፍ የሸሸገውን ቤቱ ይናገራል። ሰው ካላየ «ጠየቅሁ» ለማለት አፉን የሚይዘው ለዚህ ይመስለኛል።

ሥርዓቱ ደግሞ ታናሽ ታላቁን እንዲጠይቅ ነው። ልጅ ለበዓል ስኳርና ቡናውን ይዞ ወላጆቹ ዘንድ ይሄዳል። ወላጅ ልጁን ሊጠይቅ ከተነሣ ወይ ልጅየው ታሟል፣ ወይ ልጅቷ ወልዳለች፣ አለዚያም አንድ ነገር አለ። ይህ ሥርዓት ባሕር ሲሻገር ግን ይገለበጣል። ልጅ ቁጭ ብሎ አባትና እናት ይሄዳሉ። ለምን? ደግሞስ ሄደው የሚያዩትን ማየት አለባቸው ወይ?

ነገሩን ያስነሣብኝ ከሀብሩ ወረዳ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ከደሴ ወደ ወልድያ ያለፈ ሰው መርሳን ያውቃታል፤ ከወልድያ በፊት ያለች፣ መንገድ ዳር ፍራፍሬ የሚቸረቸርባት የሀብሩ ዋና ከተማ ናት። እነዚህ ሰዎች ከዚያች ከተማ በእግር የሚደረስበት ቀበሌ ውስጥ ማሽላና ጤፍ ያርሳሉ። ስማቸውን አልጠራም። እሳቸው ከ60 ያለፉ፣ ባለቤታቸው ትንሽ ያንሳሉ። የበኩር ልጃቸው ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ 15 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሜሪላንድ ይኖራል፤ አግብቶ 3 ልጆች ወልዷል። አዲስ አበባ ያለሁ የቅርብ ሰው እኔ ነኝና የኤምባሲውን ቅጽ እንድሞላላቸው ተጠራሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ልጁን ነው። «አንተ ለምን አትመጣም?» አልኩት። «ሒሳቡን ሥራው» አለኝ። እሱ ሲመጣ 5 ትኬት ነው፤ እነሱ ሲሄዱ 2። ዘመድ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ከውጭ የመጣ ሰው ደግሞ ዘመዱ ቀበሌውን ሁሉ ነው። የዓመት ፈቃዱ ከመንገዱ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ቀን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ መሆኑን ቆይቶ ነገረኝ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ፤ አካባቢው እስኪለቀቅ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ወላጆቹ ይኑሩ ይሙቱ አላወቀም። «በነዚያ ወራት ማታ ማታ ሬሳቸውን እቀብር ነበር» አለኝ። ስልኩ ሲመለስ የእናቱ የመጀመሪያ ቃል «ደህና ነን፣ አብሽር» ነበር። በሬዎቹ እንደሄዱ፣ አባቱ ታመው እንደነበር የሰማው ከዓመት በኋላ ከሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ «ደህና ነን» የምትለውን ቃል አያምናትም። ዓይኑ እንዲያያቸው ፈለገ።

ቅጹን ስንሞላ ያየሁት ነገር ለብቻው አምድ ይበቃዋል። የተወለዱበት ቀን? ሁለቱም አያውቁትም፤ ደሴ ላይ ፓስፖርት ሲያወጡ የተጻፈላቸው ቀን አለ። የቤተሰብ ስም? የእሳቸው የአባታቸው ስም፣ የባለቤታቸው የሌላ አባት ስም፣ የልጃቸው ደግሞ የእሳቸው ስም። ፈረንጅ ወረቀቱን ሲያየው ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻ? የጦር መሣሪያ ሥልጠና ወስደዋል ወይ? የታጠቀ ቡድን አባል ነበሩ ወይ? ሰውየው በ2013ቱ ክረምት መሣሪያ ያልያዘ ጎረቤት ማን እንደነበር ለማስታወስ ሲሞክሩ አየሁና፣ ጥያቄው ስለእርስዎ ብቻ ነው አልኳቸው።

ዋናው ጥያቄ ግን ቅጹ ላይ በግልጽ አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የጉብኝት ቪዛ የሚጠይቅን ሰው ሁሉ፣ አይደለሁም ብሎ እስኪያሳምን ድረስ፣ ሊቀር እንደመጣ ይቆጥረዋል። ማስረዳቱ የአመልካቹ ዕዳ ነው። እናም ሰውየው በላስቲክ ጠቅልለው የያዙትን አረንጓዴ የመሬት ደብተር አወጡ። የእሳቸውም የባለቤታቸውም ስምና ፎቶ አለበት። እኔ በልቤ ፈገግ አልኩ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በገዛ ሀገራቸው ሕግ ሊሸጡት የማይችሉትን መሬት፣ ለባዕድ ሀገር ሕግ የመመለሻ ዋስ አድርገው ሊጠሩት ነው።

ይህን ስነግራቸው ሌላ ታሪክ አወሩኝ። ለካ አውሮፕላን ለሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ፣ ደርግ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ከተጫኑት አንዱ እሳቸው ናቸው። ከፊሉ ሰው በአውቶቡስና በጭነት መኪና፣ ከፊሉ በሶቪየት አንቶኖቭ ነበር የሚጋዘው። እሳቸው የደረሳቸው አንቶኖቭ ነው። ወለጋ ተጣሉ፤ ጊዜ ጠብቀው በእግር ተመለሱ። እንዲህ የተመለሰ የወሎ ሰው ብዙ ነው። «ያኔ» አሉኝ «ሲጭኑኝ እንዳልመለስ ነው። ትመለሳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለ፤ ተመለስሁ። አሁን መመለሴን ማስረጃ አምጣ ይሉኛል።»

የመንግሥታትን ጠባይ ከዚህ በላይ ባጭሩ የገለጸልኝ ሰው የለም። አንዱ መንግሥት ገበሬን አንሥቶ የሚጥለው ዕቃ አደረገው፤ ሌላው ደግሞ አጋጣሚ ካገኘ ሥሩን ነቅሎ የሚሸሽ ሰው አድርጎ ጠረጠረው። ሁለቱም ሰውየው ራሱ ምን እንደሚወድ አልገባቸውም። ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው የንብረት ሰነድ ነው ያለው ማነው? ሀብሩ ውስጥ ሰው ቅሬ አለው። ሲሞት የሚቀብሩት፣ ሲሞቱ የሚቀብራቸው ሰዎች አሉ። የእነሱን ቀብር ሳይደርስ ከቀረ የእሱን ማን ይደርስለታል? ይህን በአስተርጓሚ፣ በመስኮት ጀርባ ላለ ሰው፣ በ3 ደቂቃ አስረዳ ቢባል የሚችል ያለ አይመስለኝም።

ቪዛውን ያስገኙት ባለቤታቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እሳቸው ሲናገሩ እንደሰማሁት፣ መኰንኑ ደብተሩን እንኳ ገልጦ አላየውም። «ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ?» አለ። ሴትየዋ «ኧረ ብዙም አንቆይ፣ ላሜ መጋቢት ላይ ትወልዳለች» አሉ። ሰውየው ሳቀና ፓስፖርቱን ወሰደው ይላሉ። ላሚቱ አሳምናው ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል።

ጥር 2017 ዓ.ም. ማሽላው ከተወቃ በኋላ ተነሡ። ገበሬ የሚፈታው በዚያ ሰሞን ነው፤ የሜሪላንድ ብርድም የሚጠናው በዚያው ሰሞን መሆኑን ግን ማን ነገራቸው? ከመርሳ ኮምቦልቻ በመኪና፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን። ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ አንዱ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ ሞሉበት። ቋንጣው አይገባም ተብሎ እኔ ቤት ቀረ፤ አልተከፋሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፎቶ በፎቶ ነበሩ። ልጁ ፈቃድ ወስዷል። ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት፣ በረዶ ላይ፣ ሰፊ መደብር ውስጥ፤ እሳቸው በጥቁር ካፖርት፣ ባለቤታቸው ሻሻቸው ላይ ኮፍያ ደርበው። ፎቶዎቹ መርሳ ደርሰው ከስልክ ወደ ስልክ ዞሩ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «ልጅ ይውጣልህ» ብለን በተለያየን።

ፈቃዱ አለቀ፤ ረመዳንም ገባ። ሰውየው ለሱሁር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲነሡ በሩ ተከፈተና ልጃቸው ከውጭ ገባ። ለካ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል። እንደቆመ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሠና ውኃ ጠጣ፤ ጎኑን አሳረፈ። ነግቶ ሳይረፍድ ሚስቱ ወደ አዛውንቶች መጦሪያ ሥራዋ ስትወጣ ተነሥቶ ልጆቹን ተረከባት። ባልና ሚስቱ በር ላይ ነው የሚገናኙት። ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ይዞ ሰው ሲያመላልስ ይውላል። አባትየው ይህን አንድ ቀን አዩ፣ ሁለተኛ ቀን አዩ፤ በሦስተኛው ሱሁር ላይ ይጠብቁት ጀመር። ሴትየዋ ደግሞ የልጅ ልጆቹን ሲይዙ ይውላሉ። ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም፤ አያት እንግሊዝኛ አይሰሙም። ሰው በቁሙ ጠያቂ ሆኖ ሄዶ ሞግዚት ሆኖ የሚቀርበት አጋጣሚ በስደት ቤት ብዙ ነው፤ ሴትየዋ ግን በዚህ አልተከፉም፤ «የሷን ድካም ሳይ እኔ ነኝ አምጡ ያልኩ» ይላሉ።

ሰውየውን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። ሒሳብ ያውቃሉ። በሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወዲህ 15 ዶላር ነው። ልጁ የሚያገኘው ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። ግብሩ ሲነሣለት አንድ ሌሊት 100 ዶላር ገደማ ናት ማለት ነው። በየወሩ መርሳ ባንክ ቤት የሚደርሳቸው 200 ዶላር ሁለት ሌሊት ነው። ለታናሽ ወንድሙ ሠርግ የላከው 30 ሌሊት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ 100ን ሲያልፍ፣ ቀበሌው ውስጥ «ልጅ ውጭ ያለው በለፀገ» ተብሏል። እውነት ነው፣ ብሩ በዝቷል። ሌሊቱ ግን አላጠረም። «እኛ ብር የበላን መስሎን» አሉኝ በኋላ «የበላነው እንቅልፉን ነው።»

6 ወር መቀመጥ ተፈቅዶላቸው ነበር። በ2 ወር ከጥቂት ቀን «ዒድን ሀገራችን እንዋል» ብለው ተነሡ። ልጁ ለመናቸው። አሳዳጊ ፈርዶበት አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደሚዘጋ፣ ሰው እንደሚሞት ያውቃል። «እማዬ፣ እዚያ ምን አለሽ? ላም?» አላት። «ላምም አለኝ» አሉት። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ተመለሱ።

አሁን ጉዳዩ ወደሚያከራክረው ቦታ ደረሰ። ተመልሰው ወር ሳይሞላ አባትየው ለልጃቸው ደወሉና፣ ከእንግዲህ በየወሩ እንዳትልክ፣ ለዒድና ለክፉ ቀን ብቻ ይበቃናል አሉት። ልጁ ተቆጣ። ለኔ ደውሎ «ምን ነግረሃቸው ነው?» አለኝ። እኔ ምንም አልነገርኳቸውም፤ ያዩት ራሳቸው ናቸው። «15 ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ የኖርኩባት አንድ ነገር ለወላጆቼ መላኬ ናት፤ እሷን ቀሙኝ» አለኝ። ባያመጣቸው ይሻል እንደነበር ለመናገር ትንሽ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አግኝቻለሁ። አንደኛው ወገን ልጁን ይደግፋል። ወላጅ ለልጁ የዋለውን ቆጥሮ ነግሮት አያውቅም፤ የተራበበትን ሌሊት፣ ለትምህርት ቤት ደብተር የሸጠውን በግ አልዘረዘረለትም። ልጅስ ለምን ይዘርዝር? ዋጋው የተነገረ ስጦታ ዕዳ ነው። ስለዚህ ሽሽጉ ራሱ የስጦታው ክፍል ነው ይላሉ። ጠንካራ ክርክር ነው፤ ለብዙ ቀን አሸንፎኝ ነበር።

ያላሳመነኝ ይህ ነው። ሽሽጉ ከእናትና ከአባት ጋር ብቻ አይቀርም። ዋጋውን የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ስለማያውቅ። የአጎት ልጅ ባጃጅ ግዛልኝ ይላል። እህት የቤቱ ክዳን ይቀየር ትላለች። ካልላከ «ረሳን»፣ «ፈረንጅ ሆነ» ይባላል። እነዚህ ሰዎች በሀብሩ መስክ ላይ አንዱ ሲደክም ሌላው ደቦ የሚወጣለት ሰዎች ናቸው። ድካሙን ቢያዩት ኖሮ ያዝኑለት ነበር። ሩኅሩኅ ሰዎችን ጨካኝ ያደረጋቸው ፎቶው ነው። ልጁ በደግነት የሸሸገው ነገር፣ የገዛ ዘመዶቹን በሱ ላይ በዳይ አድርጓቸዋል። ሰውን ሳያውቅ በዳይ ማድረግ ደግሞ ውለታ አይመስለኝም።

ደግሞስ ሽሽጉን ማን ጀመረው? እናትየው «ደህና ነን፣ አብሽር» ሲሉት በሬዎቹ አልነበሩም። እሱም «ሥራ ጥሩ ነው» ሲላቸው ከሥራ ወጥቶ በቆመበት እያንቀላፋ ነበር። ሁለቱም ለፍቅር ብለው ይዋሻሉ፤ ሁለቱም አንዱ ሌላውን አያምንም። እኔ አባትየው ትክክል ናቸው እላለሁ። ብሩን አልናቁትም፤ ዋጋውን ስላወቁ ነው የከበዳቸው። ልጁ ግን እንዲገባው ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ምናልባትም የራሱ ልጅ አድጎ ገንዘብ እስኪልክለት ድረስ።

ይህን ሁሉ ስል ግን፣ አይተው የመምጣቱ ዕድል ለማን እንደሚደርስ አልረሳሁም። ከሀብሩ ቀበሌዎች ወደ ሜሪላንድ የሄደው በጣት የሚቆጠር ነው። የብዙው ቤት ልጅ ያለችው ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ነው። በ«ከፋላ» አሠራር የቤት ሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ እሷ ራሷ ከበር ለመውጣት ፈቃድ የምትጠይቅበት ቤት እናቷን እንግዳ አድርጋ ልትጠራ አትችልም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ስትመልስ፣ ብዙ ወላጅ የልጁን ኑሮ ያየው ልጁ አውሮፕላን ማረፊያ በነጠላ ጫማ ስትወርድ ነው። ለእስላም ወላጅ አንድ መንገድ አለች፤ ሐጅ ሄዶ፣ ልጅቷ ደግሞ አሠሪዋ ከፈቀደላት፣ መካ ላይ ለአንድ ከሰዓት መተያየት። ያም አቅም ላለው ነው።

የባልና ሚስቱን መመለስ ሰምቼ ባለፈው መርሳ ስወርድ ቤታቸው ገባሁ። ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል። ጥጃዋ ከደጅ ታስራለች። ባለ ፎቶዎቹ ስልክ በሰው እጅ ይዞራል፤ ሰውየው ስለ መጋዘኑ ይናገራሉ፤ ወጣቶቹ አላመኗቸውም፤ አንዱ ጭራሽ «አባባ፣ እንዳንሄድ ነው» ብሎ ሳቀ። ከጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ሪያድ ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ ገንዘብ ትልካለች፤ ድምፅዋን እንጂ መልኳን አያውቁም፤ አሠሪዋ ካሜራ ያለው ስልክ ከልክላታለች። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ወደ ሴትየዋ ጠጋ አሉና፣ «እቴ፣ አንቺ ባሕሩን ተሻግረሽ አይተሽ የለ፤ የኔዋስ እንዴት ትሆን ይሆን?» አሏቸው።

ሰውየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሴትየዋ ሪያድን አያውቁትም፤ ሴቶቹ ግን ሁሉም ወደሳቸው ዞረዋል። «ደህና ናት፤ አብሽሪ» አሉና ጀበናውን አነሡ።